መሐመድ ወርዲ፦ ከኑቢያ ጣምቡር የተነሳው የሱዳን ድምፅ

አረብኛ የማይሰሙ ብዙ ኢትዮጵያውያን የመሐመድ ወርዲን ዜማዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቋቸዋል። በጎንደርም ሆነ በአዲስ አበባ የሱዳን ሙዚቃ ሲነሳ ቀድመው ከሚጠሩት ስሞች አንዱ የእሱ ነው። ብዙም የማይነገረው ግን አረብኛ ለወርዲ ለራሱም የአፍ መፍቻ ቋንቋው አለመሆኑ ነው። ሱዳናውያን የአፍሪካ ቀዳሚ ድምፃዊ የሚል ማዕረግ የሰጡት ይህ ሰው ኑቢኛ እየተናገረ አደገ። መጀመሪያ የተማረው የሙዚቃ መሣሪያም የከተማ መሣሪያ አልነበረም፤ ክራርን የሚመስለው አሮጌው የኑቢያ ጣምቡር ነበር።

የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 19 ቀን 1932 በሰሜን ሱዳን፣ በናይል ዳር በምትገኘው በሰዋርዳ መንደር ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አካባቢው የማሐስ ኑቢያውያን አገር ነው። ከወንዙ ግራና ቀኝ ጠባብ የእርሻ መሬትና የተምር ዛፎች አሉ፤ ከእነዚያ ወዲያ ያለው በረሃ ነው። ወርዲ እናቱን ገና በሕፃንነቱ፣ አባቱንም በልጅነቱ አጣ። ያሳደገው አጎቱ ነው።

በዚያው በ1932 በአቅራቢያው ካለችው ከሳይ ደሴት የፈለቀ ሌላ ኑቢያዊ አረፈ፤ ኸሊል ፈራህ። ኸሊል በጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ተምሮ በፖስታና ቴሌግራፍ መሥሪያ ቤት የሠራ፣ ግጥም የሚጽፍ፣ ዑድ የሚደረድር ሰው ነበር። በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን አገሩን በሴት ስም እየጠራ የዘፈነው «አዛ ፊ ሀዋክ» እስከ ዛሬ ድረስ ለሱዳናውያን ከብሔራዊ መዝሙር የማይተናነስ ክብር አለው። ወርዲ ይህን ሰው በሕይወት አላገኘውም። ሆኖም ከማሐስ መንደር ወጥቶ፣ በኋላ በተማሩት ቋንቋ እየገጠሙና እየዘፈኑ የአንድ አገር ሕዝብ ሁሉ ድምፅ መሆን እንደሚቻል ቀድሞ ያሳየው ኸሊል ነበር።

አምስት አውታር፣ አምስት ድምፅ

ኑቢያውያን በራሳቸው ቋንቋ ኪሲር፣ በአረብኛ ደግሞ ጣምቡር የሚሉት መሣሪያ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። ቆዳ የተወጠረበት ገበቴ፣ ከገበቴው ወደ ላይ የሚወጡ ሁለት ቋሚዎች፣ ቋሚዎቹን ከላይ የሚያገናኝ ቀንበር፣ ከቀንበሩ ወደ ገበቴው የሚወርዱ አውታሮች አሉት። ክራር ነው ማለት ይቻላል። የኢትዮጵያው ክራር ብዙውን ጊዜ ስድስት አውታር ሲኖረው የኑቢያው አምስት መያዙ ነው ዋናው ልዩነት። ከሰሜን ሱዳን እስከ ኢትዮጵያ ደጋ፣ ከቀይ ባሕር ዳርቻ እስከ ኬንያ ድረስ ይህ የመሣሪያ ቤተሰብ በተለያየ ስም ይገኛል።

አሠራሩ ቀላል ቢመስልም አጨዋወቱ ራሱን የቻለ ጥበብ ይጠይቃል። በዑድም በጊታርም ላይ ጣት አውታሩን እየተጫነ ከአንድ አውታር ብዙ ድምፅ ያወጣል። ጣምቡር ላይ ግን እያንዳንዱ አውታር ያለው አንድ ድምፅ ነው። ተጫዋቹ በቀኝ እጁ በያዘው መግረፊያ አውታሮቹን በሙሉ ይገርፋል፤ የግራ እጁ ጣቶች ከአውታሮቹ ኋላ ሆነው የማይፈለጉትን ያፍናሉ። ዜማውን የሚሠሩት ሳይታፈኑ የቀሩት ናቸው። ስለዚህ ጀማሪን የሚያስቸግረው አውታር መምታት አይደለም፤ የትኛውን፣ መቼ ዝም ማሰኘት እንዳለበት ማወቅ ነው። ክራርን በግርፍ የሚጫወቱ ኢትዮጵያውያንም ይህንኑ ያደርጋሉ።

መሣሪያው ሲያረጅም የሚጠገነው በመንደሩ እጅ ነው። የተቀደደው ቆዳ ተነስቶ ሌላ የራሰ ቆዳ በገበቴው አፍ ላይ ይወጠራል። ቆዳው እየደረቀ ሲሄድ ራሱን ይስባል፤ የድምፁ ጥራትም ከዚያ ውጥረት ይመጣል። ቀድሞ ከጅማት ወይም ከአንጀት ይሠሩ የነበሩት አውታሮች በጊዜ ብዛት ለብረት ሽቦ ቦታቸውን ለቀዋል። ለመቃኘት ቀንበሩ ላይ የተጠመጠመውን ጨርቅ ወይም የቆዳ ጥብጣብ ማዞር ይበቃል። ቅኝቱም የሚያያዘው በዘፋኙ ድምፅ ልክ እንጂ በውጭ በተወሰነ መለኪያ አይደለም። ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ጉሮሮ ይከተላል።

ለንደን በሚገኘው የብሪቲሽ ሙዚየም በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ሱዳን የተሠራ፣ ሳንቲምና ዶቃ የተንጠለጠለበት አንድ እንዲህ ያለ መሣሪያ ተቀምጧል። ጣምቡር የሠርግና የጭፈራ መሣሪያ ብቻ አልነበረም። ኢትዮጵያውያንም ሱዳናውያንም በአንድ ስም በሚጠሩት በዛር ሥርዓት ላይ ይመታ ነበር። ምናልባትም ከዚህ የተነሳ ይሆናል የከተማው ሰው ለረጅም ጊዜ የገጠርና የአጉል እምነት መሣሪያ አድርጎ የተመለከተው። በኢትዮጵያም በገና ለጸሎት ተለይቶ ሲከበር ክራር ከዘፈንና ከአዝማሪ ጋር ተያይዞ ዝቅ ብሎ መታየቱ ይታወሳል።

ወርዲ ከዚህ መሣሪያ ጋር የተዋወቀው በልጅነቱ ነው። የመጀመሪያ ዘፈኖቹም የኑቢኛ ዘፈኖች ነበሩ። በኋላ ታዋቂ በሆነ ጊዜም በኑቢኛ መዝፈኑን አልተወም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ኑቢያውያን ልጆች በትምህርት ቤት አረብኛ እንጂ የቤታቸውን ቋንቋ እንዳይናገሩ በሚገደዱበት ዘመን ያደገ ሰው ነበርና።

ትምህርቱን ተከታትሎ በሸንዲ የመምህራን ማሠልጠኛ ገባ፤ በዋዲ ሃልፋና በሸንዲ አስተማረ። ዑድ መጫወትንም ያዘ። ዑድ በሱዳን የከተማ ሙዚቃ ውስጥ የገባው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ከዚያ በፊት የኦምዱርማን ዘፋኞች በጭብጨባ፣ በከበሮና በአጃቢዎች የጉሮሮ ዜማ ብቻ ይዘፍኑ ነበር። የዑድ አንገት ምንም መለያ የሌለው ለስላሳ እንጨት ነው። ጣት የትም ሊያርፍ ይችላል፤ የካይሮና የደማስቆ ሙዚቀኞች የሚወዷቸውን እጅግ የተቀራረቡ ድምፆች ማውጣት የሚቻለውም በዚህ ምክንያት ነው። የወርዲ እጅ ግን አስቀድሞ በአምስት ድምፅ የተገራ ነበር። አዲሱ መሣሪያ ብዙ ዕድል ቢከፍትለትም ወደ አረቡ ዓለም ቅኝት አልሄደም። በዑድም ላይ ሆኖ የጣምቡሩን አምስት ድምፆች ተጫወተ። ሥራውን በሙሉ ከሌሎች የአረብኛ ዘፋኞች የሚለየው ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መምህሩ ኦምዱርማን ራዲዮ ሲደርስ

ወርዲ ካርቱምን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በ1953 ነው፤ የአካባቢው መምህራን ወኪል ሆኖ ለስብሰባ በሄደ ጊዜ። በኋላም ወደ ዋና ከተማዋ ተዛወረ። ሱዳን ጃንዋሪ 1 ቀን 1956 ነፃነቷን ስታውጅ ከ20ዎቹ ዕድሜው አጋማሽ ያልደረሰ መምህር ነበር።

በዚያን ጊዜ በሱዳን ዘፋኝ የሚሆን ሰው መንገዱ በአንድ በር ያልፋል፤ በኦምዱርማን ራዲዮ። ጣቢያው የተከፈተው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በ1940 በእንግሊዞች ሲሆን ከነፃነት በኋላ የትኛው ድምፅ የአገር፣ የትኛው የጎጥ እንደሆነ የሚወሰንበት ቦታ ሆኖ ነበር። በ1957 ጣቢያው ወርዲን ተቀብሎ እንደ ሐሰን አጢያ፣ አሕመድ አል ሙስጠፋ፣ ዑስማን ሑሴንና ኢብራሂም አወድ ካሉ ስመ ጥር ድምፃውያን ጎን ለመላው አገር እንዲዘፍን መረጠው። ገጣሚው እስማኤል ሐሰን ግጥሙን፣ ኸሊል አሕመድ ዜማውን የሠሩት «ያ ጠይር ያ ጣይር» የመጀመሪያው ታላቅ ዘፈኑ ሆነ። ርእሱ በራሪዋን ወፍ የሚጠራ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 17 ዘፈኖችን አስቀረጸ። ከእስማኤል ሐሰን ጋር የጀመረው አብሮ መሥራትም ከ20 በላይ ዘፈኖችን አስገኘ።

ለሁለት ዓመት ያህል ቀን መምህር፣ ማታ ዘፋኝ ሆኖ ቆየ። በ1959 ማስተማሩን ተወ። በዚያ ዘመን ሱዳን ውስጥ ዘፋኝነት እንደ ሥራ የሚቆጠር አልነበረም፤ ዘፋኝ ማለት ሥራ ፈት ማለት ነበር። ወላጅ አልባ ሆኖ ያደገ፣ የመንግሥት ደመወዝ ያለው ሰው ያንን ትቶ ወደ መድረክ መሄዱ ለዘመዶቹ ቀላል ዜና ሊሆን አይችልም።

ወርዲ ዘፈኑን ከሠርግ ቤት አውጥቶ ወደ ትልልቅ መድረኮች ወሰደው። ቫዮሊኖችን አበዛ፤ አኮርዲዮንና ሌሎች የምዕራብ መሣሪያዎችን አስገባ፤ የዘፈን መግቢያውን አስረዝሞ ራሱን የቻለ ሙዚቃ አደረገው። «አል ዉድ» የተባለውን ሥራውን ካይሮ ውስጥ ያቀናበረለት ለግብፅ ፊልሞች በሠራቸው ሙዚቃዎች የሚታወቀው የግሪክ ተወላጁ አንድሬ ራይደር ነው። መሣሪያው ይህን ያህል ቢበዛም መሠረቱ ሳይናጋ ቆየ። ቫዮሊኖቹ በአንድነት የሚያወርዱት ዜማ አምስት አውታር ባለው ጣምቡር ላይ ሊወጣ የሚችል ዜማ ነበር።

የሱዳን ሙዚቃ በአረቡ ዓለም ብዙ አድማጭ አለማግኘቱ፣ በአፍሪካ ቀንድ ግን እንደ አገር ዘፈን መደመጡ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ኡም ኩልሱም በ1968 ወደ ሱዳን መጥታ ስትዘፍን አዳራሹ በደስታ ተቀብሏታል። የሱዳን ዘፋኝ ካይሮ ሲሄድ ግን ቋንቋው ተሰምቶ ዜማው እንግዳ ይሆናል። ወደ ምሥራቅ ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ግጥሙ ለማይገባው ኢትዮጵያዊ ጆሮ የወርዲ ዜማ ከትዝታ ሜጀር ቅኝት የራቀ አይደለም፤ በሁለቱም ዘንድ ሙዚቃው የሚሽከረከረው በአምስት ድምፆች ላይ ነው። ኢትዮጵያውያን ድምፃውያን የሱዳን ዜማዎችን በአማርኛ ግጥም ሲዘፍኑ የቆዩት፣ የሱዳን ዘፋኞችም በአዲስ አበባ መድረኮች ባይተዋርነት ያልተሰማቸው ድንበር ስለሚዋሰኑ ብቻ አይደለም።

የሰጠመችው ከተማ

ኖቬምበር 8 ቀን 1959 ግብፅና ሱዳን የናይልን ውኃ ለሁለት የተከፋፈሉበትን ስምምነት ፈረሙ። ለግብፅ 55.5 ቢሊዮን፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሰጠውና ኢትዮጵያን ያላካተተው ይህ ውል በኢትዮጵያውያን ዘንድ ዛሬም ድረስ ይነሳል። ለኑቢያውያን ግን ውሉ ቁጥር ብቻ አልነበረም። ለአስዋን ከፍተኛ ግድብ መንገድ ከፋች ነበር። ግድቡ የሚያጠራቅመው ውኃ ደግሞ ድንበር ተሻግሮ በሱዳን ምድር ዋዲ ሃልፋንና በዙሪያዋ ያሉ መንደሮችን ሊውጥ ነው። ወርዲ ያስተማረባት ከተማ መሆኗ ነው።

በኖቬምበር 1958 ሥልጣን ለያዘው ለጄኔራል ኢብራሂም አቡድ መንግሥት ወርዲ ራሱ ዘፍኖለት ነበር። መንግሥቱ ሕዝቡን ሳያማክር መሬቱን አሳልፎ ሲሰጥ ግን ፊቱን አዞረ። በ1960 በዋዲ ሃልፋና በካርቱም ኑቢያውያን አደባባይ ሲወጡ አብሯቸው ወጣ፤ ታሰረም። ተቃውሞው ግን የተወሰነውን አላስቀረም። ከጃንዋሪ 1964 ጀምሮ 50 ሺህ ገደማ የሱዳን ኑቢያውያን በባቡር ተጭነው ወደ ኻሽም አል ጊርባ ተወሰዱ። የሰፈሩበት ቦታ ከኢትዮጵያ ድንበር በማይርቀው፣ ተከዜን በተቀበለው በአትባራ ወንዝ ዳር ነው። ከናይል ዳር የተነሱ ሰዎች ዝናብ በሚዘንብበት፣ ተምር በማይበቅልበት ሜዳ ላይ ተመሳሳይ የሲሚንቶ ቤቶች ተሰጧቸው። አሮጌዋ ዋዲ ሃልፋ ከነመስጊዷ፣ ከነመቃብሯ ውኃ ውስጥ ገባች።

ሰዋርዳ ከውኃው ወሰን በስተደቡብ በመሆኗ ተርፋለች። ከዋዲ ሃልፋ በስተሰሜን በግብፅ ኑቢያ የነበረችው ቶሽካ ግን ሰጥማለች፤ የተወለደባት ሌላው የዘመኑ ታላቅ ኑቢያዊ ሙዚቀኛ ሐምዛ ኤል ዲን ነው። የሁለቱን መንገድ ማነጻጸር ይጠቅማል። ሐምዛ ዑዱን ይዞ ወደ አውሮፓ፣ አሜሪካና ጃፓን ሄደ፤ የጠፋውን አገር ለማያውቁት አድማጮች በዝግታ፣ ለብቻው ሲጫወት ኖረ። ወርዲ የመረጠው ተቃራኒውን ነው። በአረብኛ፣ በትልቅ ባንድ፣ ጉዳዩ ለሚመለከተው ለሱዳን ሕዝብ ዘፈነ።

ለመንግሥታት፣ በመንግሥታትም ላይ

በኦክቶበር 1964 የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በፖሊስ ጥይት ሲገደል የተነሳው ሕዝባዊ ንቅናቄ የአቡድን መንግሥት ጣለ። የዚያን ወር ድል በዜማ ያስቀመጠው ወርዲ ነው። የመሐመድ አል መኪ ኢብራሂምን «አረንጓዴው ኦክቶበር»፣ የመሐመድ አል ፈይቱሪን «አስበሐ አስ ሱብሕ» ዘፈነ። ርእሱ ንጋትን የሚያበሥረው ይህ ሁለተኛው ከሱዳን ውጭም ተሰምቷል። የነፃነትን ቀን የሚያወድሰው ሌላ ዘፈኑም በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 ይደመጣል።

ታሪኩ በሙሉ እንዲህ የጠራ ቢሆን ኖሮ ወርዲን መተረክ ቀላል ይሆን ነበር። ግን አይደለም። ሜይ 25 ቀን 1969 ኮሎኔል ጃፋር ኒሜሪ መፈንቅለ መንግሥት ሲያደርጉ ወርዲ ደግሞ ለእሳቸውም ዘፈነ። የግራ ፖለቲካ ደጋፊ ነበርና አዲሱ መንግሥት መጀመሪያ ላይ የያዘው አቅጣጫ ተስፋ ሰጥቶት ነበር። ተስፋው ሁለት ዓመት ዘለቀ። ጁላይ 19 ቀን 1971፣ ወርዲ 39 ዓመት በሞላበት ዕለት፣ ግራ ዘመም መኮንኖች ኒሜሪን ገለበጡ፤ ኒሜሪ በሦስተኛው ቀን ተመልሰው ሥልጣናቸውን ያዙ። የኮሙኒስት ፓርቲው መሪ አብደል ኻሊቅ ማህጁብ በኮበር እስር ቤት ተሰቀሉ። ወርዲም ታሰረ።

አንድ ዘፋኝ ለሁለት ወታደራዊ መንግሥታት ዘፍኖ በሁለቱም መታሰሩን አንዳንዶች እንደ ወላዋይነት ያዩበታል። ወቀሳው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ነገር ግን ሁለቱንም ጊዜ የዘፈነው መንግሥቱ ገና በተስፋ ሲታይ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ የተለየውም ወታደሮቹ በሥልጣን ላይ ሳሉ ነው። ከወደቁ በኋላ መቃወምማ ቀላል ነበር።

ከገጣሚዎች ጋር የነበረው ትስስርም በዚህ ዘመን ጠበቀ። ከሁሉም በላይ የሚጠቀሰው በኒሜሪ ዘመን ደጋግሞ የታሰረው ማህጁብ ሸሪፍ ነው። ኤፕሪል 1985 ኒሜሪ አሜሪካ ሳሉ ሕዝቡ ሲነሳና ሲገረሰሱ የዚያ ንቅናቄ መዝሙሮች የማህጁብ ግጥምና የወርዲ ዜማ ነበሩ። ሌላው ሰላህ አሕመድ ኢብራሂም ነው። በአልጄሪያ የሱዳን አምባሳደር የነበረው፣ በኋላም ፓሪስ ውስጥ በስደት የሞተው ይህ ገጣሚ የጻፈው «አል ጠይር አል ሙሃጂር» ወይም ተሰዳጁ ወፍ በወርዲ ድምፅ የስደተኞች ሁሉ ዘፈን ሆነ። ወርዲ ይህን ሲዘፍን ገና ራሱ አልተሰደደም ነበር።

ኢታንግና አዲስ አበባ

ጁን 30 ቀን 1989 ኦማር አል በሽር ሥልጣን ያዙ። አዲሱ መንግሥት ሙዚቃን በጥርጣሬ የሚያይ ነበር። የፍቅር ዘፈኖች ከራዲዮ ራቁ፤ የሕዝብ ኮንሰርቶች ተገደቡ፤ ብዙ ሙዚቀኞች አገር ለቀቁ። ወርዲም ወደ ካይሮ ሄደ። ስደቱ ከ10 ዓመት በላይ ቆየ፤ ከፊሉን በአሜሪካ አሳልፏል።

በ1990 ወደ ጋምቤላ መጣ። ኢታንግ በዚያን ጊዜ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የሰፈሩበት ካምፕ ነበር። የጆን ጋራንግ የሱዳን ሕዝብ ነፃ አውጪ ንቅናቄም በደርግ መንግሥት ድጋፍ በአካባቢው ይንቀሳቀስ ነበር። አብዛኞቹ ስደተኞች የኑዌር፣ የዲንካና የሌሎች ሕዝቦች ተወላጆች ናቸው፤ ብዙዎቹ አረብኛን የሚያውቁት የገዢዎቻቸው ቋንቋ አድርገው ነው። አረብኛን በትምህርት ቤት የተማረው ኑቢያዊ በዚያው ቋንቋ ዘፈነላቸው። ሰሜኑ ከደቡቡ ጋር በጦርነት ላይ እያለ ከሰሜን የመጣ ታላቅ ድምፃዊ በዚያ ካምፕ መቆሙ በካርቱም ገዢዎች ዘንድ እንደ ክህደት፣ በካምፑ ውስጥ ግን ሌላ ሱዳን ሊኖር እንደሚችል ምልክት ሆኖ ታየ። ለወርዲ ጉዳዩ አዲስ አልነበረም። ካርቱም ዳር ላይ ያለውን ሕዝብ ሳትጠይቅ ስትወስን ምን እንደሚሆን ከዋዲ ሃልፋ ያውቀዋል።

ከአራት ዓመት በኋላ በ1994 አዲስ አበባ ላይ ያቀረበው ኮንሰርት ተቀርጾ በአልበም ወጥቷል። ከስደት ዘመኑ ቅጂዎች ውስጥ ብዙ አድናቂዎች አስበልጠው የሚያነሱት ይህንን ነው። በአገሩ መድረክ ለተከለከለ ዘፋኝ አዲስ አበባ ለካርቱም ቅርብ ከሆኑት የውጭ ከተሞች አንዷ ነበረች፤ ቅኝቱን የሚያውቅ ሕዝብም አለባት። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ኦምዱርማን ውስጥ ድምፃዊው ኾጃሊ ዑስማን በሙዚቀኞች ማኅበር ግቢ በጩቤ ተወግቶ ተገደለ። ወርዲና መሰሎቹ ከምን እንደራቁ ለመረዳት ይህ አንድ ክስተት ይበቃል።

በስደት ላይ እያለ ኩላሊቶቹ ታመሙ። በ2002 ወደ ሱዳን ተመለሰ፤ በዚያው ዓመት በኳታር የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተደረገለት። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ በ2005 የክብር ዶክትሬት ሰጠው። ያው የሰላም ስምምነት የተፈረመበትና ጆን ጋራንግ ካርቱም ገብተው በሦስት ሳምንት ውስጥ በሄሊኮፕተር አደጋ የሞቱበት ዓመት ነው። ወርዲ ሲዘፍንለት የኖረው የአንድነት ሐሳብ ከዚያ በኋላ አላገገመም። ጁላይ 9 ቀን 2011 ደቡብ ሱዳን ነፃ አገር ሆነች። ወርዲ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2012 በ79 ዓመቱ ካርቱም ውስጥ ሞተ። የተቀበረው በከተማዋ ፋሩቅ መቃብር ነው፤ ለቀብሩ እጅግ ብዙ ሕዝብ ወጥቷል።

ኤፕሪል 2019 በካርቱም የጦር ኃይሉ ዋና መምሪያ ፊት ለፊት የተቀመጡት ወጣቶች ከ1964 እና ከ1985 የተረፉትን የወርዲን ዘፈኖች ይዘፍኑ ነበር። ብዙዎቹ ዘፈኖቹ ሲወጡ አልተወለዱም።

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት ሲነሳ ኦምዱርማን የሚገኘው የአገሪቱ ራዲዮና ቴሌቪዥን ግቢ በፈጥኖ ደራሹ እጅ ገባ። የሱዳን ሙዚቃ የግማሽ ክፍለ ዘመን ቅጂዎች የሚገኙት በዚያ ነው፤ ሙዚቀኞችና ተመራማሪዎች ከሰው ሕይወት ቀጥሎ የፈሩትም ለእነዚያ ቴፖች ነበር። ከጦርነቱ የሸሹ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በመተማ በኩል ወደ አማራ ክልል ገቡ፤ ሌሎች በዋዲ ሃልፋ በኩል፣ በሰመጠችው ከተማ ምትክ ከውኃው ዳር በተሠራችው አዲሷ ዋዲ ሃልፋ አድርገው፣ ወደ ግብፅ ተሻገሩ። ጦሩ የራዲዮውን ግቢ መልሶ የያዘው ማርች 12 ቀን 2024 ነው። ሕንጻው በጥይት ተበሳስቷል። ወርዲ በ1957 «ያ ጠይር ያ ጣይር»ን ያስቀረጸው ለዚሁ ጣቢያ ነበር።